ቀለሙ አብሮ አልገባም

ኮምፒውተሬ መሞት የጀመረችው በክረምት ነው። ሮቤ ላይ መብራት ሲሄድ በአንዴ አይሄድም፤ ብልጭ ድርግም እያለ ሰው ካደከመ በኋላ ነው የሚጠፋው፤ ሲመለስም እንደዚያው እያቅማማ ይመለሳል። የዚያ ሁሉ ዓመት ብልጭ ድርግም ያረፈው በእሷ ላይ ነው። መጀመሪያ ማቃሰት ጀመረች፤ ቀጥሎ አንድ ፋይል ክፈቺልኝ ስላት ሻይ ተጥዶ እስኪፈላ ታስጠብቀኝ ነበር። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ካልታደሉት ወገን ነኝ። ጠረጴዛውን እየመታሁ እሳደባለሁ፤ ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ሰው ስለሌለ ስድቤም ልክ አልነበረውም።

እዚያች ማሽን ላይ የሌለ ነገር የለም። ከማርቆስ ወጥቼ ባሌ ለማስተማር ከተቀጠርኩ ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ ተከማችቷል። የኬሚስትሪ ማስታወሻ በወርድ፣ የተማሪ ውጤት በኤክሴል፣ ለክፍል ያዘጋጀሁት ስላይድ በፓወር ፖይንት፣ እናቴ በስልክ እየነገረችኝ የጻፍኩት የበርበሬ አዘገጃጀት፣ ጽፌ ሳላስገባ የቀረሁት የዝውውር ማመልከቻ ብዛቱ። መጣል አልወድም። ብቻውን የሚኖር ሰው የማይጥለው ነገር ይበዛል መሰለኝ፤ የሌላው ሰው ዕቃ ሲሆን የእኔ ፋይል ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

የትምህርት ክፍላችን ወጣት መምህር አንድ ቀን ሊጠይቀኝ መጥቶ ከደጅ ስሳደብ ሰምቶ አዘነልኝ። ለአዲሱ ላፕቶፔ የማስታወሻ አፕ ጫነልኝና ሁሉንም እዚህ ውስጥ ክተቺው አለኝ። በየትኛውም ፕሮግራም ይጻፍ፣ «አስገባ» የሚለውን ተጭነሽ ፋይሉን ብቻ ታሳዪዋለሽ፣ እሱ ራሱ ወደ ማስታወሻ ይቀይረዋል፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ቃል ስትጽፊ ካለበት ፈልጎ ያመጣልሻል ብሎ አስረዳኝ። ጎተራ ማለት ነው አለ በመጨረሻ። የገሰራ ገበሬ ልጅ ስለሆነ ነገርን ሁሉ ወደ እህል ካልወሰደ ያስረዳ አይመስለውም።

ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጬ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። አንዱ ሲገባ ሌላውን አስከተልኩ። ሁሉም መግባቱን ገባ፤ እንደነበረ ግን አልገባም። የኤክሴሉ ሰንጠረዥ መስመሩ ጠፍቶ የተማሪው ስም ከሌላው ውጤት ጋር ተላተመ። ስላይዶቹ ሥዕላቸውን ጥለው መጡ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ የጻፍኳቸው ደግሞ የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ሆነው ቁጭ አሉ፤ አንድ የሚነበብ ቃል የላቸውም። ከሁሉ የገረመኝ ቀኑ ነው። አፑ ለእያንዳንዱ ማስታወሻ የሰጠው የተጻፈበትን ቀን ሳይሆን የገባበትን ነው። እግሬ ሮቤን በረገጠ ሰሞን የጻፍኩትም፣ ባለፈው ሳምንት የጻፍኩትም የዚያ ቅዳሜ ሆኑ። ባሌ የኖርኩት ዘመን በሙሉ በአንድ ከሰዓት አልቆ ነበር። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ለማን ልንገረው ብዬ ሳስብ ግን የሚመጣልኝ ሰው አጣሁ።

በመጨረሻ ሁሉም ገብቷል የሚል መልእክት አሳየኝና አመንኩት። ሰኞ ዕለት ያንኑ ፍላሽ ይዤ ፈተና ላባዛ ፎቶኮፒ ቤት ሄድኩ፤ ቫይረስ ተሸክሞልኝ ተመለሰ። ፋይሎቹ ሁሉ የማይከፈት ሾርትከት ሆነው ሳያቸው አልደነገጥኩም። ገብቷል ተብያለሁና ፍላሹን ፎርማት አድርጌ ገላገልኩት። አሮጊቷ ኮምፒውተር ደግሞ በዚያው ሳምንት መብራት ሲመጣ አንዴ ጠቅ ብላ ዝም አለች። የወሰድኩባት ጠጋኝ ሃርድ ዲስኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀና፣ ይቺ እንኳን አልቆላታል አለኝ።

«ቤት» የሚለውን ፋይል የከፈትኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጨረሻ ያስቀረሁት ሆን ብዬ ነው፤ የሚጣፍጠውን ወደ ዳር አድርጎ እንደሚበላ ሰው። ስከፍተው ጽሑፉ አለ፤ አንድ ቃል አልጎደለም። ቀለሙ ግን የለም። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። ለሌላ ሰው ይህ ምኑም ላይሆን ይችላል። እዚያ ፋይል ውስጥ ግን ማን ምን እንዳለ የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነበር፤ ሌላ ምልክት አልነበረውም።

ፋይሉን የጻፍነው ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ እኔ ነኝ፤ ሌላዋ ሮቤ በመጣሁ በዓመቱ አብራኝ መኖር የጀመረች ነርስ ናት። የጊኒር ልጅ ናት፤ ጎባ ሆስፒታል ትሠራለች። ሁለታችንም ቤት ስንፈልግ አንድ ደላላ ነው ያገናኘን። አንዲት የከተማው ተወላጅ እናት ጓሮ ያለች ሰርቪስ ተከራየን፤ ሁለት መኝታና በመሐል አንዲት ጠባብ ሳሎን አላት። ሁለት ሴቶች ለመጋራት የሚመች ቤት ነበር፤ ችግሩ የምንገናኝበት ሰዓት አለመኖሩ ነው። እሷ የአዳር ተረኛ ስትሆን እኔ ጠዋት ስወጣ እሷ ከጎባ እየተመለሰች ነው፤ እኔ ስመለስ እሷ እየወጣች። አንዳንድ ሳምንት የምንተያየው መንገድ ላይ ብቻ ነበር፤ እኔ ባጃጅ ውስጥ፣ እሷ ሚኒባስ ውስጥ ሆነን እጅ እንነሣሣለን። ያን ሰሞን አብሮኝ የሚኖር ሰው አለ ብዬ የማውቀው ፎጣው እርጥብ ሆኖ ሳገኘው ነው።

ወደ ቀለሙ የወሰደን ድስት ነው። እኔ የእስላም ሥጋ አልበላም፣ እሷ የክርስቲያን አትበላም። ይህን ሁለታችንም ከየቤታችን ይዘነው መጣን እንጂ ቁጭ ብለን ተነጋግረንበት አናውቅም። ክዳኑ ቀይ የሆነው ድስት የእኔ፣ አረንጓዴው የእሷ፣ ሽሮና አትክልት የሚሠራበት ጥቁሩ የጋራ ተባለ፤ በዚህ ተስማምተን ኖርን። አንድ ቀን ግን ከመካከላችን አንዷ ዕቃ ስታጥብ ክዳኖቹን አቀያይራ ከደነቻቸው። ጓደኛዬ ከአዳር ደክማ መጥታ አረንጓዴውን ክዳን አነሣች፤ የእኔን ጥብስ ጎረሰች። ሳትውጥ ነቃች። አፏን ስትጉመጠመጥ ቆይታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ከሥራ ስመለስ ሁለቱም ድስቶች ሳሎን መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ፤ ክዳኖቻቸው በትክክል ተከድነዋል። ቁጣዋ ያ ነበር፤ ሌላ አልጨመረችበትም።

ከዚያ ወዲያ ክዳን ማመን ቀረ። ወረቀት ጽፈን ድስቱ ላይ እንዳናስቀምጥ እንፋሎቱ ያበሰብሰዋል። ሳሎን ውስጥ ግን ኮምፒውተሯ ነበረች፤ ወይ እኔ ፈተና አወጣባታለሁ፣ ወይ እሷ የሆስፒታሉን ሪፖርት በአፋን ኦሮሞ ትጽፍባታለች። አንድ የወርድ ፋይል ከፈትንና «ቤት» አልነው። እኔ በቀይ እጽፋለሁ፣ እሷ በአረንጓዴ። ስም የለ፣ ሰላምታ የለ፤ ያለፈ ያገደመ ቁጭ ብሎ የሚለውን ብሎ ይነሣል። የትኛው ድስት ውስጥ ምን እንዳለ ለመጻፍ የተከፈተው ፋይል ሳምንት ሳይሞላው ሌላ ነገር ሆነ።

«ውኃ መጥታለች፤ በርሜሉን ሞልቻለሁ።» «የጥርስ ሳሙናውን ጨርሻለሁ፤ አትቆጪኝ።» «ሌሊቱን መንታ አዋለድን፤ እናትየው ደህና ናት፤ አልሐምዱሊላህ።» «ተማሪዎቼ አሲድ ደፉ፤ ሰው አልተጎዳም፤ የእኔ ጫማ ግን ሞቷል።» እንደዚህ ያለ ነገር ነው። ቁም ነገር ተብሎ የሚነገር አይደለም። እኔ ግን ከክፍል ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ የምቸኩለው ለዚያ ነበር። በሩን ከፍቼ ኮቴን ሳላወልቅ ስክሪኑን እነካለሁ፤ አዲስ አረንጓዴ መስመር ካለ ቤቱ ሰው አለው ማለት ነው።

ዓመታት አብረን ስንኖር ንግግራችን ተወራረሰ። መጀመሪያ ላይ እሷ ናት «ሂሪያ ኮ» ብላ የምትጽፍልኝ፤ ጓደኛዬ ማለቷ ነው። በኋላ እኔም እሷን እንደዚያው ብዬ መጥራት ጀመርኩ። ደህና ነሽ በማለት ፈንታ «ፈያ?» ብቻ እጽፋለሁ። እሷ ደግሞ የማርቆስን ሰው ምጸት ከእኔ ተምራ እኔኑ ታቆስለኝ ጀመር። ብሶ ብሶ አንድ ቀን ከእናቴ ጋር በስልክ ሳወራ «ወላሂ!» ብዬ ማልኩላት፤ እናቴ ቤተ ክርስቲያን የምትሳሚው የት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ጓደኛዬ አግብታ ሄደች። ባልዋ አዳማ የሚነግድ ደግ ሰው ነው፤ ሰርጉ ጊኒር ላይ ነበር፤ ሄጄ ጨፍሬያለሁ። እኔ ሰርቪሷን ሙሉውን ተከራየሁና ብቻዬን ቀረሁ። ሌላ ሰው ፈልጊ ያሉኝ ነበሩ፤ አልፈለግኩም። ፋይሉን ዘጋሁት፤ ደግሜም አልከፈትኩትም። በበዓል እንደዋወላለን፤ እሷ ለገናና ለፋሲካ ትደውላለች፣ እኔ ለዒድና ለዐረፋ። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ነበር የምናወራው። እየቆየ ጥሪው እንኳን አደረሰሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ሮቤ ዘነበ ወይ በሚል የሚያልቅ ሆነ። አልተጣላንም። መራራቅ ለካ ጠብ አይፈልግም።

ከዚያ ፋይል ውስጥ አንድ ነገር ግን በቃሌ ይዤ ቀርቻለሁ። «ዛሬ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነበርኩ። ቤቱ ደስ አላለኝም። አንቺ ስትኖሪ ይሻላል።» ይላል። የጓደኛዬ ቃል ነው ብዬ ነው የያዝኩት፤ በዓይኔም አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ብቸኝነቱ ሲከብደኝ፣ በተለይ ዝናቡ አላቆም ሲል፣ ወይም የሥራ ባልደረቦቼ ለበዓል ወደየአገራቸው ተበትነው ግቢው ኦና ሲሆን፣ ያንን አወጣዋለሁ። በዚህ ከተማ የእኔ አለመኖር ያስታወቀው አንድ ሰው ነበር እላለሁ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው ከአገሩ ርቆ ሲኖር ብዙ ሰው ያከብረዋል፣ ይጋብዘዋል፣ መምህር ይለዋል፤ መቅረቱን የሚያስተውል ሰው ግን ብርቅ ነው።

አሁን ያ ቃል ከሌሎቹ መሐል ጥቁር ሆኖ ተቀምጧል። ሳነበው መጀመሪያ እንደ ወትሮው ደስ አለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ይህን እኔስ ብጽፈው ኖሮ ከዚህ ይለያል ወይ የሚል ነገር መጣብኝ። አይለይም። አዳር ሠርታ ቀን ቤት የምትውለው እሷ ናት፤ ስለዚህ ብቻዬን ዋልኩ ማለት የሚገባት እሷ ናት። ግን ደግሞ ቅዳሜና እሑድ እሷ ሥራ ስትገባ ቀኑን ሙሉ ቤት የምውለው እኔ ነበርኩ። ላፕቶፑን ዘጋሁትና እራቴን ልሠራ ተነሣሁ፤ ሽንኩርቱን ግማሽ ከትፌ ተመልሼ ከፈትኩት።

ሥራ ጀመርኩ ማለት ይቻላል። አፑ የገባውን ጽሑፍ መልሶ ማቅለም ይፈቅዳል፤ መስመሩን ትመርጪና ቀለም ትሰጪዋለሽ። እያንዳንዱን የባለቤቱን ቀለም ልመልስለት ተነሣሁ። የታወቁት ቀላል ናቸው። መንታው አረንጓዴ፣ አሲዱ ቀይ። ከዚያ ግን ነገሩ ይጠብቃል። «ቀዩ ውስጥ ያለው ሥጋ ሊበላሽ ነው» የሚለውን እኔ ነኝ ብዬ ቀይ አደረግኩት፤ ቆይቼ ሳስበው የራሴን ድስት ለእሷ ምን ብዬ እነግራታለሁ፣ እሷ ናት እኔን ያስጠነቀቀችኝ። መልሼ አረንጓዴ አደረግኩት። «ዛሬ ጾም ነኝ፤ ለእኔ አታስቀምጪ» የሚለውማ ገደለኝ። እሷ ረመዳን አላት፣ ሰኞና ሐሙስም የምትጾምበት ጊዜ ነበር፤ እኔ ሁዳዴ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ አለኝ። ቀኑን እንዳላይ ሁሉም የዚያች ቅዳሜ ነው። ኦሮምኛ ያለበትን ሁሉ ለእሷ፣ ምጸት ያለበትን ሁሉ ለእኔ ብሰጥ እንደማያዋጣ አውቃለሁ፤ ተወራርሰናል ብያለሁ እኮ። ጥቁሩ ድስት ውስጥ ሁለታችንንም አንድ ላይ የከተቱን ያህል ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ራሱ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ሰሞን ግን የምፈልገው የእሷን ብቻ ለይቼ ማውጣት ነው፤ ከእሷም ያቺን አንዷን።

ለአከራዬ ነገርኳቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጆሯቸው ግን የማያመልጠው ሴት ናቸው። ከሰላት በኋላ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀምጬ ከላፕቶፑ ጥቂት አነበብኩላቸው፤ የምትጠራጠሪው ይህን ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንተላ ኮ፣ እኔ እሑድ እሑድ በግድግዳ ስሰማችሁ እንኳን አለያችሁም ነበር። አንዷ ስትስቅ ያቺኛዋ ናት እል ነበር።»

ልጄ ብለው መጥራታቸው ነው። እንዲያጽናኑኝ ነው የሄድኩት፤ እሳቸው ግን የባሰ አወሳሰቡብኝ። ወጣቱ መምህርም አልረዳኝም። አፑ ከፋይል ሲያስገባ ጽሑፍ እንጂ ቀለም አይቀበልም፣ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር አለና ዋናውን ፋይል ክፈቺና እዪው አለኝ። ዋናው ፋይል የለም ስለው ፊቱ ላይ የታየው ሐዘን ከእኔ በለጠ። መኸር ላይ እህሉን ውርጭ የመታው ገበሬ ፊት ነበር የያዘው፤ እኔው አጽናንቼ ሸኘሁት።

የቀረኝ መደወል ብቻ ነው። ይህን ያወቅኩት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው፤ ግን በዓል አልነበረም። በዓል ሳይሆን የደወልንበትን ጊዜ ማስታወስ አቃተኝ። ምን ብዬ ልጀምር? ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ ያ ቃል የእሷ ነው ብዬ እስካልጠየቅኩ ድረስ የእሷ ሆኖ ይቆያል። ኢንተርኔት ቢኖር ኖሮ ስክሪኑን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም እልክላት ነበር፤ እሷም ያንቺ፣ የኔ እያለች በጽሑፍ ትመልስልኝና ፊት ለፊት ሳንነካካ ይቀር ነበር። ያን ሰሞን ግን እንደ ልማዱ ዳታ ተዘግቷል፤ የሚሠራው የድምፅ ጥሪ ብቻ ነው። በድምፄ ማንበብ ሊኖርብኝ ነው።

አንድ እሑድ ምሳዬን በልቼ ደወልኩላት። «አካም ጂርታ፣ ሂሪያ ኮ?» ብላ አነሣችው፤ ወዲያው ግን ምን ሆንሽ አለችኝ፤ በዓል ባልሆነ ቀን ስለደወልኩ ክፉ ነገር የመጣ መስሏት ነው። የሆንኩት የለም፣ የድሮውን ፋይላችንን ሳስገባ ቀለሙ ጠፍቶብኝ ነው አልኳት። ሳቀች። እስኪ አንብቢልኝ አለችኝ።

አነበብኩላት። እሷ ለካ ከእኔ የተሻለ ታስታውሳለች። የጥርስ ሳሙናው ያንቺ ነው አለች፤ አንቺ ስትጨርሺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ ዝም ብዬ ነበር የምጨርሰው። የሥጋው የእሷ፣ የበርሜሉ የእኔ። የጾሙን እሷም አልለየችውም፤ ለሁለታችንም ይሁን አለች። ከጀርባዋ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ በአፋን ኦሮሞ ትገሥጻቸውና ወደ እኔ ትመለሳለች። ድምፅዋ ውስጥ ያችን የሳሎናችንን ሰው አገኘኋት። ቀለሙን እየሰጠሁ ወረድኩ፤ እዚያ መስመር ላይ ስደርስ እንደ ሌሎቹ አድርጌ፣ ምንም እንዳልሆነ አስመስዬ አነበብኩት።

ድገሚልኝ አለችኝ። ደገምኩላት።

«እሱ ያንቺ ነው» አለች።

«አረንጓዴ ይመስለኛል» አልኳት።

«አይ። ቀይ ነው። ከአዳር መጥቼ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ቦርሳዬን እንኳን ከትከሻዬ አላወረድኩም። ከሥሩ ምን ይላል?»

ከሥሩ ያለውን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም። «ከሰል አልቋል፤ ስትመለሺ ይዘሽ ነይ» ይላል። አነበብኩላት።

«የኔ እሱ ነው» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «የምመልስልሽ ጠፋኝ። ወላሂ፣ ብዙ ቆምኩ። አንቺም እንደዚያ ትያለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር። የምጽፈው ሲጠፋኝ ከሰል አልኩ።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ የሆነ ነገር ብዬ ሳቅኩ መሰለኝ። ወዲያው አንደኛው ልጅ ወድቆ አለቀሰ፤ መልሼ እደውላለሁ ብላ ዘጋችው። አልደወለችም፤ ለፋሲካ እንደምትደውል አውቃለሁ፤ አልተቀየምኳትም።

ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው የላከልኝ መስሎኝ ስሞቀው የኖርኩት ቃል የራሴው ነበር። ከሁሉም ያሳፈረኝና ሆዴን ያባባው እሱ ነው፤ የናፈቅኩት እኔ፣ የጻፍኩት እኔ፣ ሲከፋኝ እያወጣሁ የምጽናናበትም እኔ። አለቀስኩ። ዕንባዬ ሲያበቃ መስመሩን መረጥኩና ቀይ አደረግኩት። ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ አደረግኩት። ያን ጊዜ ነው ቀኑ የታወሰኝ።

ከክፍል ስወጣ ዝናብ ነበር። ለምሳ ቤት ገብቼ ከሰል አልቋል የሚለውን አንብቤያለሁና ዝናቡ እስኪያባራ ሳልጠብቅ ከሰል ተራ ወረድኩ፤ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ገዝቼ በባጃጅ ጭኜ፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጠቁሮ ቤት ደረስኩ። እሷ ወደ ጎባ ሄዳለች። ማዳበሪያውን እየጎተትኩ ማድ ቤት ሳስገባው ከበሩ ጀርባ ሌላ ማዳበሪያ ቆሟል፤ አፉ እንደተሰፋ ነው፣ አልተነካም። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። አዳር የሠራ ሰው ይረሳል ብዬ አሰብኩና እጄን ታጥቤ እራቴን ጣድኩ፤ ስለ ከሰሉም ምንም አልጻፍኩላትም።